በበቆጂ ዙሪያ የሚገኙ የገጠር የሩጫ መንገዶች፦ አቀማመጣቸው፣ አጠቃቀማቸውና አጠባበቃቸው

አጠቃላይ መግለጫ

በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን በሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ የምትገኘው የበቆጂ ከተማና በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ስመ ጥር የረጅም ርቀት ሯጮችን በማፍራት በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። ወደ ስፍራው የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሯጮቹ የሚሮጡበት ቦታ የት እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ በአንድ አጥር ግቢ የሚወሰን አይደለም። ሯጮቹ የሚለማመዱት በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ፣ በከብቶች የግጦሽ መስክ፣ በእርሻዎች መካከል በሚያልፉ የእግር መንገዶች፣ በኮረኮንች መንገድና በተራሮች ግርጌ ባሉ ዳገቶች ላይ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ ለሩጫ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ አርሶ አደር ወደ ገበያ፣ እረኛ ወደ መስክ፣ ሴቶች ወደ ምንጭ ሲመላለሱ የተፈጠሩ የጋራ መተላለፊያዎች ናቸው። በመሆኑም የሩጫ መንገዶቹ ህልውና የተመሠረተው ሯጩ፣ አሠልጣኙ፣ አርሶ አደሩና የአካባቢው አስተዳደር በሚኖራቸው መግባባት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ መንገዶቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ በየትኛው ወቅት እንዴት አገልግሎት እንደሚሰጡ፣ የሚጠቀምባቸው ሰው ምን ግዴታ እንዳለበትና እንዳይጠፉ ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

መገኛና የመሬት አቀማመጥ

በቆጂ ከአዲስ አበባ በአዳማና በአሰላ በኩል በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአሰላ ተነስቶ በሳጉሬ በኩል ወደ ደቡብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሰው በቆጂ ይደርሳል፤ መንገዱም ወደ አሳሳና ወደ ዶዶላ ይቀጥላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተቆረቆረች ናት። በስተሰሜን የጭላሎ፣ በስተምሥራቅ የገለማ፣ በስተደቡብ ደግሞ የካካ ተራሮች ይገኛሉ። የተራሮቹ ጫፎች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው።

በከተማዋና በተራሮቹ መካከል ያለው መሬት በአብዛኛው ወጣ ገባ የሆነ ሜዳማ ስፍራ ሲሆን ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይመረትበታል። በእርሻዎቹ መካከል የግጦሽ መስኮች፣ ጅረቶችና የባሕር ዛፍ ተክሎች ይገኛሉ። ሯጩ ከከተማዋ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ለስላሳ ሣር፣ ጠንካራ ኮረኮንች፣ ጥላ ያለው ደንና ረጅም ዳገት ያገኛል። አካባቢው ለሩጫ ተስማሚ የሆነበት ዋነኛ ምክንያት ይህ የመሬት ብዝኃነት በአጭር ርቀት ውስጥ መገኘቱ ነው።

ከፍታውና በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባይለወጥም ግፊቱ በመቀነሱ ምክንያት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሰውነት የሚገባው የኦክስጅን መጠን ያንሳል። ሰውነት ይህንን ጉድለት ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። በዚህ ከፍታ ተወልዶ ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮም በእግሩ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው ከሁኔታው ጋር ተላምዶ ያድጋል።

ሆኖም ከፍታ ብቻውን ሯጭ አይፈጥርም። ተመሳሳይ ከፍታ ያላቸው ሌሎች በርካታ የሀገራችን አካባቢዎች አሉ። በበቆጂ ከፍታው ከትምህርት ቤት ስፖርት፣ ከትጉህ አሠልጣኞች፣ ቀድመው ካሸነፉ የአካባቢው ልጆች አርአያነትና በነፃነት ከሚሮጥበት ሰፊ መሬት ጋር ተገናኝቷል። ከእነዚህ መካከል በሰው ውሳኔ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችለው የመጨረሻው ነው።

ከመስክ እስከ ዓለም አደባባይ

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር በማሸነፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒም በዚሁ ርቀት ድሏን ደግማለች። ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ በ10,000 ሜትር፣ በ2008 በቤጂንግ ደግሞ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል። ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ በሁለቱም ርቀቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ደግሞ በ10,000 ሜትር አሸንፋለች። እህቷ ገንዘቤ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 በሞናኮ የ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። እነዚህ ሁሉ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። በከተማዋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከእነዚህ አትሌቶች በርከት ያሉትን በልጅነታቸው በማሠልጠን ይታወቃሉ።

ስለ መንገዶቹ ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው ግን ከኦሊምፒኩ ይልቅ የአገር አቋራጭ ውጤቶች የበለጠ ይናገራሉ። የአገር አቋራጭ ውድድር የሚካሄደው በሣር፣ በጭቃና በዳገት ላይ በመሆኑ ከገጠር መንገድ ሩጫ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ቀነኒሳ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ምድብ በአጭርና በረጅም ርቀት በድምሩ 11 ጊዜ በግል አሸንፏል። ጥሩነሽ በተመሳሳይ ምድብ አራት ጊዜ፣ ደራርቱ ሦስት ጊዜ አሸናፊ ሆነዋል። እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ወጣ ገባውን መሬት የለመደ ሯጭ በእንዲህ ዓይነቱ ውድድር ላይ ባዳነት አይሰማውም።

የመንገዶቹ ዓይነቶችና አገልግሎታቸው

ሀ. የባሕር ዛፍ ደን

ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ዛሬ በአርሲ ደጋ እንደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ሁሉ ለማገዶ፣ ለቤት ሥራና ለሽያጭ ይተከላል። በዛፎቹ ሥር ያለው መሬት በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ በመሆኑ ለእግር ለስላሳ ነው፤ ጥላውም ከፀሐይና ከነፋስ ይከላከላል። በዚህ ምክንያት ደኑ በአብዛኛው ለቀላል ሩጫ ይመረጣል።

በደን ውስጥ የሚሮጥ ቡድን ተከታትሎ በአንድ ረድፍ ይሄዳል። መሪው በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ መስመሩን ይመርጣል፤ ተከታዮቹም የፊተኛውን እግር እያዩ በዚያው ምት ይረግጣሉ። ይህ ልማድ ሦስት ጥቅሞች አሉት። አቅጣጫ በተደጋጋሚ ስለሚቀየር ፍጥነት ከልክ አያልፍም፤ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጡንቻ በየአቅጣጫው ይጠነክራል፤ ጀማሪውም ከነባሩ ሯጭ ምትና ትዕግሥት ይማራል። በአንጻሩ ዛፎች ከተቆረጡ በኋላ በመሬት ላይ የሚቀሩ ጉቶዎች በቅጠል ስለሚሸፈኑ አደገኛ ናቸው። መሪው ጉቶ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ እያመለከተ ለኋለኞቹ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ለ. የግጦሽ መስክ

ሰፊና ሣር የለበሰ መስክ ለማሟሟቂያ፣ ለሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴና ለፍጥነት ልምምድ ያገለግላል። መም በሌለበት ስፍራ አሠልጣኞች በእርምጃ ወይም በሜትር ለክተው፣ በድንጋይ ወይም በችካል ምልክት አድርገው ዙሩን ይወስናሉ። የመስክ ሩጫ ጉልበትንና ቅልጥምን ከድንጋጤ የሚያድን ቢሆንም በሣሩ ሥር የሚገኙ የከብት ኮቴ ጉድጓዶች ሲደርቁ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክሩ ወለምታ ያስከትላሉ። በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ሳምንታት መስኩን በፍጥነት ከመሮጥ በፊት አንድ ጊዜ በእግር ተዘዋውሮ ማየት ይገባል።

ሐ. የእግር መንገዶች

በእርሻዎች መካከል የሚያልፉት ቀጫጭን መንገዶች አንዱን ቀበሌ ከሌላው፣ መንደሩን ከትምህርት ቤትና ከገበያ ጋር ያገናኛሉ። ለረጅም ሩጫ በእጅጉ ተስማሚ ናቸው። ሯጩ በመጣበት ሳይመለስ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ መነሻው ሊደርስ ስለሚችልም ጉዞው አይሰለችም። ይሁን እንጂ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሹት እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚገኝበት ነው።

መ. ኮረኮንች

ጠጠር የለበሱ የገጠር መንገዶች ከአስፋልት የሚለሰልሱ፣ ከሣር የሚጠነክሩ በመሆናቸው መካከለኛ ፍጥነት ላለው ተከታታይ ሩጫ ይመቻሉ። ርቀታቸው በቀላሉ ስለሚለካ የሯጩን እድገት ለመከታተልም ይረዳሉ። ልቅ ጠጠር ባለበት ቁልቁለት ላይ ግን እርምጃን ማሳጠር ያስፈልጋል።

ሠ. ዳገቶች

ከአምባው ወደ ተራሮቹ ግርጌ የሚወስዱት ዳገቶች ለጉልበትና ለትንፋሽ ልምምድ ያገለግላሉ። የተለመደው አሠራር አጭር ዳገትን በብርታት ወጥቶ በዝግታ መውረድና ይህንኑ መደጋገም ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ ወዳለው የተራራ ክፍል የሚወጣ ሰው ብቻውን መሄድ የለበትም። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ለመግባት የሚፈልግም አስቀድሞ የፓርኩን አስተዳደር መመሪያ ማወቅ ይኖርበታል።

ረ. አስፋልት

አስፋልት ለጎዳና ውድድር ለሚዘጋጅ ሯጭ አስፈላጊ ቢሆንም ለልጆችና ለጀማሪዎች አይመከርም። መሬቱ በየእርምጃው በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከፍተኛ ነው። ከዚህም በላይ በዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በአንድ ላይ ይተላለፋሉ። በአስፋልት ዳር መሮጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ የመንገዱን ግራ ይዞ፣ ፊትን ወደሚመጣው ተሽከርካሪ አድርጎ፣ በአንድ ረድፍና ከሩቅ የሚታይ ልብስ ለብሶ መሮጥ ያስፈልጋል።

አንድ አሠልጣኝ የሳምንቱን ልምምድ ሲያቅድ እነዚህን መሬቶች እያፈራረቀ ይጠቀማል። ከከባድ ቀን ቀጥሎ ባለው ቀን ደን ወይም ሣር ይመረጣል፤ የፍጥነት ልምምድ በመስክ፣ ረጅሙ ሩጫ በእግር መንገድና በኮረኮንች ይከናወናል። ከመሬት ዓይነቶቹ አንዱ ሲጠፋ የሚጎድለው የመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ አይደለም፤ የልምምዱ ሚዛንም ይዛባል።

ወቅቶችና የመንገዶቹ ሁኔታ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ወቅት የእግር መንገዶች በጭቃ ይሸፈናሉ። ጥቁር አፈር ባለበት ስፍራ ጭቃው ጫማ ላይ እየተጣበቀ ክብደት ስለሚጨምር አረማመድን ያበላሻል። በዚህ ወቅት ውኃ የማይተኛባቸው ኮረኮንቾችና ተዳፋት ላይ ያሉ ደኖች ይመረጣሉ። ሰብሉ በቡቃያ ላይ ያለበት ጊዜ በመሆኑም ጭቃን ለመሸሽ ወደ እርሻ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ተግባር ሊሆን ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ሩጫውን ማቋረጥ፣ ከብቸኛ ዛፍ ሥርና ከገላጣ መስክ መራቅ ያስፈልጋል። የሞሉ ጅረቶችን ለመሻገር መሞከርም ለሕይወት አስጊ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ መሬቱ እየደረቀ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል የሚታጨድበት፣ የሚከመርበትና በየአውድማው የሚወቃበት ጊዜ በመሆኑ የእግር መንገዶች በሰውና በጭነት አጋሰሶች ይጨናነቃሉ። ቅድሚያ ለሠራተኛው መስጠት ይገባል። በእነዚሁ ወራት ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ማለዳ ላይ ውርጭ ይኖራል፤ ከወትሮው ረዘም ያለ ማሟሟቂያ ማድረግና ጓንትና ቆብ መልበስ ይጠቅማል።

አዝመራው ከገባ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ያለው ጊዜ ለረጅም ሩጫ ምቹ ነው። መሬቱ ደረቅ ሲሆን በብዙ ስፍራ ቃርሚያ ብቻ ይቀራል። ሆኖም የታጨደ ማሳም ባለቤት አለው፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ቀጥሎም የሚታረስ በመሆኑ ሳያስፈቅዱ የሩጫ ሜዳ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሯጩና አርሶ አደሩ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን አርሶ አደሩ በመሬቱ የመጠቀምና ከይዞታው ያለመነቀል መብቱ ተጠብቆለታል። የወል መሬት ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። ስለሆነም ሯጭ በማንኛውም ስፍራ እንዳሻው የማለፍ መብት አለኝ ሊል አይችልም። እስካሁን ሲያልፍ የኖረው በነባር መተላለፊያ መብትና በነዋሪው መልካም ፈቃድ ነው። ይህንን ፈቃድ ለማጽናት የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የተዘራ ማሳን በየትኛውም ወቅት አለማቋረጥ፤ ሃያ ሯጮች ተከታትለው አንድ ጊዜ ቢያልፉበት አዲስ መንገድ እንደሚከፈት ማወቅ።

በእርከን ላይ አለመዝለል፤ በአንድ ስፍራ የፈረሰ እርከን ጎርፉን ሰብስቦ ታችኛውን ማሳ ይቦረቡራልና።

የተከፈተ በርን ወይም መዝጊያን እንደነበረ መልሶ መዝጋት፤ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ሲባል ከሰውና ከእንስሳ ንክኪ ወደተከለለ ስፍራ አለመግባት።

ከብት፣ በግ ወይም ፈረስ ሲያጋጥም ፍጥነትን ቀንሶ ከኋላ ሳይሆን በጎን በኩል ራቅ ብሎ ማለፍ፤ እረኛው ልጅ ቢሆንም ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ።

በቀብር፣ በአምልኮና በለቅሶ ስፍራዎች አቅራቢያ መሮጥ አቁሞ በዝግታ መራመድ።

የውኃ ፕላስቲክና የምግብ መጠቅለያ በመስክ አለመጣል፤ ከብት ሊውጠው ይችላልና።

በአካባቢው አፋን ኦሮሞ የሚነገር በመሆኑ እንግዳ ሯጭ ማለዳ ለሚያገኛቸው አባቶችና እናቶች በአክብሮት «አካም ቡልተን» ብሎ ማለፉ ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ጥንቃቄ ነው።

የደህንነት ጥንቃቄዎች

አብዛኞቹ ሯጮች ልምምድ የሚጀምሩት ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይነጋ ወደ ደን መግባት ጅብን ጨምሮ ለልዩ ልዩ አደጋ ስለሚያጋልጥ ብርሃን እስኪሆን በከተማው ዳርቻ ማሟሟቅ ይመረጣል።

የታዳጊ ሴቶች ደህንነት ልዩ ትኩረት ይሻል። አሠልጣኞች ቡድኑ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት ለወላጆች አስቀድመው ማሳወቅ፣ ማንኛዋም ታዳጊ ወደ ደን ብቻዋን እንዳትላክ ማድረግ፣ ከቡድኑ ወደ ኋላ የምትቀር ሯጭ ስትኖርም አብሯት የሚሮጥ ሰው መመደብ አለባቸው። ወላጆች ልጃቸው እንድትሮጥ የሚፈቅዱት መንገዱን ሲያምኑ ነው። ይህ እምነት ሲጎድል ብዙ ተሰጥኦ ያላት ልጅ ሳትታይ ትቀራለች።

ውሻ ሲያጋጥም ሩጫን አቁሞ በቀስታ መራመድና ጀርባን ሳይሰጡ መራቅ ይመከራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለማዳን እጅግ አዳጋች በመሆኑ ውሻው ጤነኛ ይመስላል በሚል ግምት ሕክምናን ማዘግየት አይገባም። የጅረት ውኃ ሳያፈሉ ወይም ሳያክሙ መጠጣትም ለውኃ ወለድ በሽታ ያጋልጣል።

ለእንግዳ ሯጮች

ከቆላማ አካባቢ፣ ከውጭ ሀገር ወይም በውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ወደ በቆጂ መጥተው ለመሮጥ የሚፈልጉ ሰዎች ሰውነታቸው ከከፍታው ጋር እንዲላመድ ጊዜ መስጠት አለባቸው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሊከሰቱ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ጉዞና በአጭር ቀላል ሩጫ መወሰን፣ በቂ ፈሳሽ መውሰድ፣ ምልክቶቹ ከባሱም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ሕክምና ማግኘት ይገባል። በለመዱት ፍጥነት ለመሮጥ መሞከር ከመጀመሪያው ቀን ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

እንግዳው ከአካባቢው ሯጮች ጋር መሮጥ ሲፈልግ ጥያቄውን ለአሠልጣኙ ማቅረብ አለበት። የልምምድ ቡድን የሥራ ቦታ ነው፤ መሃል ገብቶ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ በተለይም ሕፃናትን ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሠልጣኝ ፈቃድ መቅረጽ ተገቢ አይደለም። መንገድ ለሚያሳይ ወጣት ተገቢውን የድካም ዋጋ መክፈል፣ ማረፊያንና ምግብን ከከተማው መጠቀምም ጉብኝቱ ለነዋሪው ጥቅም እንዲኖረው ያደርጋል።

መንገዶቹ እንዳይጠፉ

የሩጫ መንገድ የሚጠፋው በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። የቤተሰብ ቁጥር ሲጨምር የግጦሽ መሬት ይታረሳል፤ ማሳው በየዓመቱ በአንድ ትልም ወደ መንገዱ ይገፋል፤ ከተማ ሲሰፋ በዳርቻው ያለው መስክ ለቤት መሥሪያ ይሆናል፤ ደኑ ሲቆረጥም ቦታው ለሌላ አገልግሎት ይውላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ አርሶ አደሩም ሆነ ቤት ሠሪው ጥፋተኛ አይባልም። ድምር ውጤቱ ግን አንድ ነው። በመስክና በደን ይሮጥ የነበረው ልጅ ወደ አስፋልት ይወጣል፤ ወይም ጭራሹን መሮጥ ያቆማል።

ጉዳቱ በሯጮች ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ከሚሮጡት ልጆች መካከል ለዓለም አደባባይ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። በእነዚያው መንገዶች ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገበያ የሚመላለሰው ግን መላው ነዋሪ ነው። የሩጫ መንገድን መጠበቅ የሁሉንም መተላለፊያ መጠበቅ ማለት ነው።

ለዚህም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ በቀበሌ ደረጃ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት አሉ።

አንደኛ፣ አዝመራ ከገባ በኋላና እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ ለምሳሌ በየካቲት ወር፣ የቀበሌው አስተዳደር፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ርእሰ መምህራን፣ አሠልጣኞችና መሬታቸው መንገዱን የሚያዋስን አርሶ አደሮች በአንድነት መንገዶቹን በእግር ተዘዋውረው ማየት።

ሁለተኛ፣ ነባር የሆኑትን መተላለፊያዎች በንድፍ ላይ ማስፈር፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስፋት እንዲኖራቸው መስማማትና ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ መያዝ። ድንበሩን ኖራ በተቀባ ድንጋይ ማመልከት በኋላ የሚነሳ ክርክርን ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ በስምምነቱ ውስጥ የአርሶ አደሩን ጥቅም በግልጽ ማካተት። በቡቃያና በአዝመራ ወቅት የሚዘጉ መንገዶችን፣ በምትካቸው የሚከፈቱትን፣ በሰብል ላይ ጉዳት ሲደርስም ቡድኑ የሚክስበትን ሁኔታ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የባሕር ዛፍ ባለይዞታዎች ደኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እንዲቆርጡ መመካከር፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ዳግም የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ አንዱ ክፍል እስኪያድግ ሌላው ለሩጫም ለጥላም ይተርፋል።

አምስተኛ፣ የከተማ ፕላን ሲከለስ ከከተማው ወደ ገጠር የሚያወጡ የእግር መንገዶችና ቢያንስ አንድ ሰፊ መስክ ለወል አገልግሎት ተከብረው እንዲቆዩ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሐሳቡን በጽሑፍ ማቅረብ። ቤት ከተሠራበት በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ መስኩን አይመልስም።

ስድስተኛ፣ ሯጮችና የስፖርት ክበባት በዓመት የተወሰኑ ቀናትን መድበው መንገዶቹን መጠገን፣ ቦይ መክፈትና ከአርሶ አደሩ ጋር በእርከን ሥራ መሳተፍ። መንገዱን የሚጠቀም ሰው መንገዱን ሲሠራ የታየ እንደሆነ የነዋሪው ፈቃድ ይጸናል።

ማጠቃለያ

ዘመናዊ መም፣ ጂምናዚየምና ማሠልጠኛ ማእከል ለአትሌቲክሱ እድገት አስፈላጊ ናቸው፤ በጀት ሲገኝም ይገነባሉ። የገጠሩን የሩጫ መንገድ ግን ከታረሰና ከታጠረ በኋላ በበጀት መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በበቆጂ የተገለጸው ሁኔታ በሱሉልታ፣ በእንጦጦና በሌሎች ሯጮች በሚለማመዱባቸው ደጋማ ስፍራዎችም ትምህርት ሊሆን ይችላል። በየአካባቢያቸው ያሉ መንገዶችን ለመመዝገብና ለመጠበቅ የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች፣ ክበባትና የቀበሌ አስተዳደሮች በቅድሚያ ከወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤትና ከመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ጋር በመመካከር ሥራውን በመጪው የበጋ ወቅት እንዲጀምሩ ይመከራል።